መልስ፦ የድሮ ጌም ፎንት ለምን ይደበዝዛል?

ሰላም ወንድሜ። ለጌምህ የመረጥከው «ፕሬስ ስታርት 2ፒ» የሚባለው ፎንት ለምን እንደሚደበዝዝ ጠይቀሃል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። ፎንቱ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ከወጡ የናምኮ (የጃፓን ጌም ሰሪ ኩባንያ) ጌሞች ፊደል የተቀዳ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል 8 በ8 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ሳጥን ውስጥ ያርፋል። ስለዚህ መጠኑን 8፣ 16 ወይም 24 ፒክስል ስታደርገው ጥርት ይላል። 13 ወይም 20 ካደረግከው ግን ፒክስሎቹ እኩል አይከፋፈሉም፤ ጠርዙ ግራጫ ይሆናል።

ለርዕስ፣ ለውጤት ማሳያና ለ«ጀምር» ቁልፍ በጣም ያምራል። ረጅም ጽሑፍ ግን አትጻፍበት፣ ዓይን ያደክማል።

የአማርኛ ፊደል ግን የለውም። ራስህ የምትስል ከሆነ 12 በ12 ወይም 16 በ16 ያዝ። እኔ «ጨ» እና «ጬ»ን በ8 ፒክስል ሞክሬያቸው እግሮቹ ተጣብቀው አስቸገሩኝ። በ16 ግን ቁልጭ ብለው ወጡ።