ለኮንሰርት ወዳጅ ወጣቶች፦ ጆሯችሁ ድምፃዊው ዘንድ አይቅር

ውድ ወጣት የሙዚቃ ወዳጆች፣

ኮንሰርት ስትገቡ ዓይናችሁ ድምፃዊው ላይ ቢተከል አይፈረድባችሁም፤ ቲኬቱን የገዛችሁት በእሱ ስም ነው። ሚክሰር ላይ ቆሞ ድምፅ ሲያመጣጥን የኖረ ሰው ግን አንድ አደራ አለው፦ ጆሯችሁ እዚያው እንዳይቀር። ከኋላ ቤዝ የያዘው ማን እንደሆነ፣ ዘፈኑን ማን እንዳቀናበረው፣ ቅኝቱ (ዜማው የተሠራበት የድምፆች ስብስብ) የቱ እንደሆነ መለየት የለመደ ሰው ከአንድ ምሽት ብዙ ይዞ ይወጣል። አዲስ ዘፈን የሚገኝበትም ዋናው መንገድ ይኸው ነው።

ዝግጅታችሁን ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ሳምንት ጀምሩ። ከድምፃዊው ሥራዎች አራት ምረጡና እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አድምጡት፤ መጀመሪያ ለግጥሙ፣ ቀጥሎ ለቤዙ ብቻ፣ በመጨረሻ ለድራሙ። ይህን በስልክ ስፒከር አትሞክሩት። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የስልክ ትንሽ ስፒከር ይህን ያህል የወረደ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ስታደርጉ፣ በቃላችሁ በምታውቁት ዘፈን ውስጥ ሰምታችሁት የማታውቁት ሌላ ዜማ ከሥር ሲሄድ ታገኙታላችሁ።

ቅኝትን ብዙዎች የሙዚቃ ተማሪዎች ብቻ የሚያውቁት ነገር አድርገው ይፈሩታል። አንድ አሮጌ ኪቦርድ ወይም ስልክ ላይ የሚጫን የፒያኖ አፕ ካላችሁ ግን በአንድ ምሽት ትጀምሩታላችሁ። ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ያዙ፤ ዶ ከሁለቱ ጥንድ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ተጫውታችሁ ዶ ላይ ስታርፉ ትዝታ ሜጀር ነው። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ብላችሁ ላ ላይ ስታርፉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ብላችሁ ዶ ላይ ካረፋችሁ ባቲ ሜጀር፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ብላችሁ ሚ ላይ ካረፋችሁ አምባሰል ነው። አንቺሆዬ አንድ ጥቁር ቁልፍ ይጨምራል፦ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያ በሶልና በላ መካከል ያለው ጥቁር፤ ማረፊያው ሲ ነው።

ልብ በሉ፤ ትዝታ ማይነርና አምባሰል የተሠሩት ከእነዚያው አምስት ድምፆች ነው። የሚለያዩት በማረፊያቸው ነው። ጀማሪ ጆሮ ሁለቱን የሚያምታታው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው አዝማቹ ሲያልቅ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ በአፍ ይዞ ማንጎራጎር ነው። ከዚያ ድምፅ በላይ ያለው ቀጣይ ድምፅ ተጠግቶት በግማሽ እርምጃ (ጥቁሩም ተቆጥሮ በቀጣዩ ቁልፍ) ከተቀመጠ አምባሰል፣ በሙሉ እርምጃ (አንድ ቁልፍ ተዘልሎ) ከራቀ ትዝታ ማይነር ነው። ባንዱ ዘፈኑን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ለድምፃዊው ጉሮሮ ቢያመቻችም በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይለወጥ ዘዴው ይሠራል። ማሲንቆና ዋሽንት ደግሞ የፒያኖን ልክ አጥብቀው እንደማይከተሉ እወቁ። ያው ዜማ በማሲንቆ ሲመጣ ከኪቦርዱ ትንሽ ሸሸት ያለ ቢመስላችሁ ተጫዋቹ አልተሳሳተም፤ ባህላዊው ልክ ነው የምትሰሙት። ለእኔ ከሙዚቃችን ውበት ትልቁ ድርሻ ያለው እዚያች ትንሽ ልዩነት ላይ ነው።

ምቱን ለመያዝ ቺክቺካ በሚባለው ስድስት እየቆጠረ በሚዞረው ምት ላይ በእግራችሁ ሁለት፣ በእጃችሁ ሦስት ለመምታት ሞክሩ። ስድስቱ ምት ሁለቱንም ይቀበላል። መጀመሪያ ይወላገዳል፤ ሲገጥም ለምን ትከሻ በዚያ ምት እንደሚንቀሳቀስ ይገባችኋል።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። ሁሉም ሰው ወደ መድረኩ ጫፍ ይሮጣል፤ ለድምፅ ግን መጥፎው ቦታ እዚያ ነው። ትልልቆቹ ስፒከሮች በግራና በቀኝ ስለሚቆሙ፣ ብዙ ጊዜም ከፍ ብለው ስለሚሰቀሉ፣ የድምፃዊው ድምፅ በጫፉ ላይ በቆመ ሰው አናት ላይ ያልፋል። እዚያ ያለ ሰው በይበልጥ የሚሰማው የድራሙን ሳህኖችና የጊታሩን አምፕሊፋየር ነው። ግጥሙ የተዋጠ ከመሰላችሁ ጥፋቱን ድምፃዊው ላይ ከማሳበባችሁ በፊት የቆማችሁበትን ተመልከቱ። ጥሩው ቦታ ከሚክሰሩ ፊት ለፊት ወይም ጎን ነው፤ ባለሙያው ድምፁን የሚያመጣጥነው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ነውና። ወደ ኋላ ግድግዳ አትጠጉ፤ ወፍራሙ ድምፅ ግድግዳ ላይ ይጠራቀማል፣ ማዕዘን ላይ ደግሞ ይብሳል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ሰምታችሁ «ድምፁ አይረባም» አትበሉ። ሳውንድ ቼክ የሚባለው የድምፅ ሙከራ የተደረገው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነበት አዳራሽ ባዶነቱ ያስተጋባል፤ ሰው ሲሞላ ልብሱና ሰውነቱ ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣል፣ በሙከራው የተያዘው ልክ ይፈርሳል። ባለሙያው ያን የሚያስተካክለው እናንተ እየሰማችሁ ነው። ሲጢጢ የሚል ፉጨት ከተነሳ ደግሞ ማይኩ ሞኒተር ወደሚባለው የመድረክ ስፒከር ዞሯል፣ ወይም ድምፃዊው የማይኩን ራስ በመዳፉ ሸፍኖታል።

ሜዳ ላይ የሚደረግ ኮንሰርት ሌላ ጠባይ አለው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው የድራሙን ምት የሚሰማው 0.3 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በሰማው ልክ ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ለመመለስ ያንኑ ያህል ይወስዳል፣ መድረክ ላይ 0.6 ሰከንድ የዘገየ ምት ይደርሳል፣ ድራመሩንም ይፈታተነዋል። ከሩቅ ከሆናችሁ በጆሯችሁ ሳይሆን የድራመሩን እጅ እያያችሁ አጨብጭቡ፤ መዘግየቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ስለ ጆሮ የምላችሁን እባካችሁ እንደ ሽማግሌ ስጋት አትቁጠሩት። ለሥራ ቦታ በሚመከረው ልክ ጆሮ 85 ዴሲቤልን (ዴሲቤል የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) በቀን 8 ሰዓት ይችላል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ኮንሰርት ላይ 100 መድረስ ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለሙዚቃ ቦታዎች ያስቀመጠው ጣሪያም በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። የስልክ መለኪያ አፕ ግምት እንጂ እርግጡን አይሰጥም፤ ግምቱም ይጠቅማል። ከስፖንጅ የተሠራውን የጆሮ መድፈኛ ያዙ፦ በጣት አሹትና ቀጭን አድርጉት፣ በሌላው እጅ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ አስገቡት፣ እስኪነፋ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ያዙት። ጥጥ ወይም ሶፍት መወተፍ እዚህ ግባ የሚባል ጥበቃ አይሰጥም። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራው ዓይነት ይሻላል፤ ስፖንጁ ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ሲቆርጥ ያኛው ሁሉንም በተመጣጠነ ልክ ዝቅ ስለሚያደርግ ግጥሙ አይደበዝዝም። ከኮንሰርት በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ በማግስቱ የጆሮ ማዳመጫ አታድርጉ። ጭውታው ከሁለት ቀን ካለፈ ሐኪም ይየው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ አፍን ማንቀሳቀስ ኮንሰርት አይባልም። መለየት አይከብድም። ድምፃዊው ማይኩን ከአፉ ሲያርቀው ድምፁ ካልቀነሰ፣ እየዘለለ ትንፋሹ ካልተሰማ፣ ዘፈኑ እንደ ካሴቱ ቀስ በቀስ እየጠፋ ካለቀ ፕሌይባክ ነው። ባንድ ዘፈን የሚዘጋው በአንድነት ተያይቶ ነው። ገንዘባችሁን ከነሙሉ ባንዱ ለሚቀርብ አውጡ። ድምፃዊው ተጫዋቾቹን በስም ሲያስተዋውቅ ስማቸውን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ያ ዝርዝር ኋላ ይፈለጋል።

የማታውቁት ዘፈን መድረክ ላይ ሲመጣና ልባችሁን ሲይዘው ምን ታደርጋላችሁ? ዘፈን የሚለዩት አፖች ብዙውን ጊዜ አይረዷችሁም፤ የሚያመሳስሉት ከተመዘገበ ቅጂ ጋር ስለሆነ ፍጥነቱና ከፍታው የተለወጠ የመድረክ አጨዋወት ያመልጣቸዋል። ከአዝማቹ አንድ ሙሉ መስመር ጻፉ። 30 ሰከንድ ቅዱ፤ ስትቀዱ ከስፒከሩ ራቁ፣ ወፍራሙ ድምፅ የስልኩን ማይክ ያፍነዋልና። ከዚያ በኋላ ስልኩ ኪስ ይግባ።

ቤት ስትገቡ መስመሩን በፊደል ፈልጉት። ካልተገኘ ሀን በሐና በኀ፣ ሰን በሠ፣ አን በዐ፣ ጸን በፀ እየለዋወጣችሁ ሞክሩ፤ የሚጭኑት ሰዎች በአንድ ዓይነት አይጽፉም። በላቲን ፊደልም ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞክሩ። የአንድ ዘፈን ርዕስ በአንዱ ቦታ በአዝማቹ፣ በሌላው በመጀመሪያው ስንኝ ስለሚጻፍ ሁለቱንም መሞከር ያስፈልጋል።

አሁን ዋናው ሀብት ጋ ደረስን። በእኛ አገር አልበሞች ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ ለየብቻ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። አድማጭ የድምፃዊውን ስም ብቻ አንብቦ ያልፋል። እናንተ ቅንብር የሚለውን አንብቡ። ለምሳሌ የኤልያስ መልካን ስም የተከተለ ሰው እዮብ መኮንንን፣ ሚካያ በኃይሉን፣ ዘሪቱ ከበደን በአንድ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል፤ ሦስት የተለያዩ ድምፆች፣ አንድ የቅንብር እጅ። ወደ ኋላ ደግሞ ሮሃ ባንድን ተከተሉ። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ስዩም በጊታር፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ የተጫወቱበት ይህ ባንድ ማህሙድ አህመድን፣ ኤፍሬም ታምሩን፣ ነዋይ ደበበን አጅቧል። ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው እየተሻገራችሁ ቤዙን ብቻ ስትሰሙ ያንን ሰው በስም ሳይነገራችሁ የምትለዩበት ቀን ይመጣል። ከዚያም በፊት አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸው ሸክላዎች አሉ፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ መታተም በጀመረው ኤትዮፒክስ በተባለው ስብስብ ብዙዎቹ እንደገና ስለወጡ ለማግኘት አይከብዱም።

የድሮ ካሴት ከኢንተርኔት ስትሰሙ አንድ ጥንቃቄ አድርጉ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር መሮጥ አለበት። ያረጀ ማጫወቻ 6 በመቶ ፈጥኖ ከገለበጠው ዘፈኑ ግማሽ እርምጃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ድምፃዊውም ከዕድሜው ያነሰ ይመስላል። ሁለት ሦስት ቅጂ አወዳድሩ። ከቅጂው ጋር ክራር ወይም ጊታር የምትለማመዱ ከሆነ ይህ ሳይጣራ መሣሪያችሁን አታስተካክሉ።

ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ልጆች፣ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሳምንት ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ሰሞን ኮንሰርቱ ይበዛል፤ አንድ ባንድ ተራ በተራ ብዙ ድምፃውያንን የሚያጅብበትን ምሽት ምረጡና ባንዱ ለእያንዳንዱ ምን እንደሚለውጥ ተከታተሉ።

በመጨረሻ አዝማሪ ቤት ሂዱ፤ ከጆሯችሁ እስከ ማሲንቆው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። ግጥም መስጠት ከፈለጋችሁ ቤት የሚመታ ሁለት ስንኝ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም (ሲነገር ለየብቻ የሚሰማ የቃል ክፍል) ይኑረው፣ ስድስት ላይ ትንፋሽ ይስጥ፤ የወል ቤት የሚባለው ይህ ነው። አምስት አምስት ሆኖ 10 ቀለም ከሆነ ሰንጎ መገን ይሆናል። ቀለሙ ከበዛ አዝማሪው ለማስገባት ይጣደፋል፣ ዜማው ይሰበራል። ማሲንቆው ብቻውን የሚጫወትበትን ጊዜ ጠብቃችሁ «ተቀበል!» በሉና በጠራ ድምፅ ስጡት። የሌላ ሰው ግጥም ገና ሳያልቅ አትግቡ። ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ መሀል ላይ መልስ መጠየቅ ጨዋታውን ያቆማል። ሰም ሰጥታችሁት ወርቁን እሱ ያወጣው ይሆናል፤ ስለዚህ የራሳችሁ ግጥም ሲመለስላችሁ እንደ አዲስ ስሙት፣ ቃሉንም ሳትውሉ ሳታድሩ ጻፉት።

አክባሪያችሁ