ፊልም ላይ አነባለሁ፣ ቅዳሴ ላይ ግን…

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምሠራ ልጅ ነኝ። በሰሙነ ሕማማት ጓደኛዬ የሜል ጊብሰንን የክርስቶስ ሕማማት ፊልም በቴሌግራም ላከችልኝና ሳለቅስ አደርኩ። ቅዳሴ ቆሜ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። እናቴ ደግሞ «በጾም ፊልም? ዓለማዊ ነገር!» ብላ ተቆጣችኝ። እምነቴ የፊልም እምነት ሆኖ ይሆን? ደህና ፊልም ካለስ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ የሰጉት ያለ ነገር አይደለም፤ በስልክ የሚመጣውን ሁሉ እናውቃለን። ስለ እንባሽ ግን አትጨነቂ። ፊልም ሙዚቃ አለው፣ የሰው ፊት አቅርቦ ያሳያል፤ እንድታለቅሺ ታስቦበት የተሠራ ነው። ቅዳሴ እንዲህ ያለ ሐሳብ የለውም። እኔ ራሴ እዚህ ደሴ መድኃኔዓለም ቆሜ ሐሳቤ ሰኞ ገበያ የሚውልበት ቀን አለ።

ያየሽው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። የሚሳደበውን ወንበዴ ዓይኑን ቁራ ሲጓጉጠው አይተሻል አይደል? ያ ወንጌል ውስጥ የለም። ፊልሙ አን ካተሪን ኤመሪክ ከተባለች ጀርመናዊት መነኩሲት ራእዮችም ብዙ ወስዷል። አሁን ሉቃስ 23ን ከቁጥር 39 እስከ 43 አንብቢው። አንዱ ይሳደባል፤ ሌላው፣ እኛ ፈያታዊ ዘየማን የምንለው፣ «አስበኝ» ይላል፤ በቃ። ስቅለት ዕለት እየሰገድን «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» የምንለው የእሱን ልመና ነው። ፊልሙ ያን ሰው በዓይንሽ ካሳየሽ፣ በሚመጣው ዓመት ስትሰግጂ ከማን አፍ እንደወጣ እያወቅሽ ትያለሽ። እኔ ከፊልም የምፈልገው ይኸን ያህል ነው።

አንድ ብቻ ምከር ብትዪኝ «ኦፍ ጎድስ ኤንድ ሜን» እልሻለሁ፤ እ.ኤ.አ. የ2010 የፈረንሳይ ፊልም ነው። ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ የሚያነብልሽ ሰው ፈልጊ። ታሪኩ እውነተኛ ነው፦ በአልጄሪያ ቲብሂሪን የነበሩ የካቶሊክ መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1996 በታጣቂዎች ተጠልፈው ሰባቱ ተገደሉ። ግድያው አይታይም። የሚታየው ማር ሲቆርጡ፣ መዝሙረ ዳዊት ሲያዜሙ፣ ሐኪሙ አባ ሉክ የመንደሩን ሕመምተኛ ሲያክሙ ነው። መንደርተኛው በሙሉ ሙስሊም ነው። አንዲት ወጣት አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ ፍቅር እንደያዘው ሰው በምን ያውቃል ብላ ትጠይቃቸዋለች፤ ሽማግሌው መነኩሴም እንደ አባት ሳያፍሩ ይመልሱላታል። ኋላ አደጋው ሲበረታ መነኮሳቱ ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ወፍ ነን፣ እንሂድ አንሂድ አናውቅም ይላሉ። አንዲት የመንደሩ ሴት ትመልሳለች፦ ወፎቹስ እኛ ነን፣ ቅርንጫፉ እናንተ ናችሁ፤ ከሄዳችሁ የምንቆምበት የለንም።

ይህን ወሎ ላይ ሆኖ ማየት ሌላ ነው። የእኔ ቤት ከሸዋበር መስጊድ አይርቅም፤ አዛን ሰምቼ ነው የምነሣው። የፋሲካ ዶሮዬን ያልቀመሰ ጎረቤት የለም ብል ዋሸህ የሚለኝ ብዙ ነው፤ ሥጋው ያለያየናልና። ቡናው ግን አንድ ነው፤ ሐዘኑም ድንኳኑም አንድ ነው። ፊልሙን ካየሁ ወዲህ «ባልንጀራህን ውደድ» ሲሰበክ የሚመጣብኝ የጎረቤቴ የሐጂ ፊት ነው። አንድም ሰው ሃይማኖቱን ሳይለውጥ፣ አንድም ስብከት ሳይሰበክ ይህን ያደረገ ፊልም ጥቂት ነው። የመነኮሳቱን የመጨረሻ እራት አላወራልሽም፤ ራስሽ እዪው።

«ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር»ም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የመቶ ሜትር ማጣሪያው እሑድ በመዋሉ አልሮጥም ብሎ በአራት መቶ ሜትር ወርቅ ያገኘው የስኮትላንዱ ኤሪክ ሊደል ታሪክ ነው። ግን የእሑድ ፈረቃ ሲመጣብሽ ራስሽን ከእሱ ጋር እንዳታነጻጽሪ፤ እሱ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ አልነበረውም።

ለእናትሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራውን «ኢየሱስ» የሚለውን አሳያቸው። ከሉቃስ ወንጌል የተወሰደ ነው፣ በአማርኛ ድምፅ አለ። ከጾም ውጭ፣ ቅዳሜ ማታ፣ አብራችሁ። እሳቸው ከአንቺ በላይ ወንጌሉን ስለሚያውቁ እያቋረጡ «ይኼስ የታለ?» ማለታቸው አይቀርም፤ ተያቸው።

በጾም ስለማየት የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ያን የምፈርድ እኔ አይደለሁም። በሰሙነ ሕማማት ግን ስልኩን አስቀምጪና ግብረ ሕማማት ሲነበብ ተገኚ። ፈረቃሽ የሌሊት ሆኖ የነግሁ ንባብ ቢያልፍሽ የዘጠኝ ሰዓቱ ይደርስሻል።