ቀን ሙሉ ተነድቶ ሌሊት የሚዘጋ ፍሪጅ፦ ጉዞውን ሊጨርስ 3 ቀን ለቀረው የሞተርሆም ባለቤት

ጥያቄ፦ ከሜልበርን ተነሥተን እስከ ዳርዊን ደርሰን በመመለስ ላይ ነን። አሁን በደቡብ አውስትራሊያ በረሃ ያለችው ኩበር ፒዲ ከተማ ስንሆን ቤታችን ለመግባት 3 ቀን ቀርቶናል። ሞተርሆሙን ያገለገለ ነው የገዛነው። ቫኑ ዩሮ 6 የናፍጣ ሞተር አለው፤ ለፍሪጁና ለመብራቱ የተለየው ባትሪ 100 አምፒር-ሰዓት ኤጂኤም (የታሸገ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ዓይነት) ነው፤ ጣሪያው ላይ 160 ዋት ሶላር አለ። በቀን 5 እና 6 ሰዓት እየነዳን እንኳ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቦታ ስናድር ባለ ኮምፕሬሰሩ ፍሪጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይዘጋል፤ ጠዋት መቆጣጠሪያው 11.3 ቮልት ያሳያል። ሞተር ሲነሣ 14 ይደርስና ከ20 ደቂቃ በኋላ ወደ 12.5 ይወርዳል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ስለምትጓዝ ኢንሱሊኗ ፍሪጁ ውስጥ ነው። እዚሁ አዲስ ባትሪ ልግዛ? ሌሊት ሞተሩን አስነሥቼ ልተወው ወይስ ሌሊቱን እየነዳን ቶሎ እንግባ?

መልስ፦ እዚያ ባትሪ አይግዙ። ባትሪው ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን እቤትዎ ሲደርሱ ይፈትሹታል። የጻፉልኝ ቁጥሮች ግን ባትሪው ሞቷል አይሉም፤ የሚሉት ቻርጅ አላገኘም ነው። የተራበ ባትሪ አውጥተው አዲስ ቢያስገቡ አዲሱም በዚያው መስመር ላይ ይራባል፤ ከጥቂት ሌሊቶች በኋላም ያንኑ 11.3 ያነባሉ።

ለዚህ ያደረሰኝ ፍንጭ ቮልቱ መጀመሪያ ወጥቶ ኋላ መውረዱ ነው። ጥፋቱ የቀጠነ ገመድ ወይም የዛገ ማሰሪያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ባዶ ባትሪ ሞተሩ እንደተነሣ ብዙ አምፒር ስለሚስብ በገመዱ ላይ የሚባክነው ቮልት የሚበዛው በመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ ባትሪው እየሞላ የሚስበው አምፒር ሲቀንስ ንባቡ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። የእርስዎ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። ይህም የዲናሞው ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ዩሮ 5 እና ዩሮ 6 የሚባሉትን የጭስ ልቀት ደረጃዎች እንዲያሟሉ የተሠሩ ብዙ ቫኖች የዲናሞውን ቮልት በኮምፒውተር ይቆጣጠራሉ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የሞተር ማስነሻውን ባትሪ ብቻ ነው። እርሱ ከሞላ፣ ለፍሪጁ የተለየው የኋለኛው ባትሪ ባዶ ይሁን ሙሉ ሳያገናዝብ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ዲናሞውን ወደ 12.5 ቮልት አካባቢ ያወርደዋል፤ ነጂው እግሩን ከነዳጁ ሲያነሣ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ የሚባክነውን ጉልበት ለመሰብሰብ መልሶ ወደ 15 ያስጠጋዋል። ከተማ ውስጥ በየመብራቱ እየቆሙ ሲነዱ ችግሩ የማይታየውም ለዚህ ነው። ስቱዋርት ሀይዌይ ግን ከዳርዊን እስከ ፖርት ኦገስታ ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ አብዛኛው ሜዳ የሆነ መንገድ ነው፤ ፍጥነቱን አስረው ለሰዓታት በአንድ ልክ ሲነዱ ለእንዲህ ዓይነቱ ዲናሞ ከዚህ የባሰ መንገድ አይገኝም።

ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ዕቃ፣ ያገለገለ ሞተርሆም ላይ እንደሚበዛው፣ ቮልት እያየ በራሱ የሚዘጋና የሚከፈት ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሪሌ የሚባለው፣ ይመስለኛል። ይህ ሪሌ አብዛኛውን ጊዜ ከ13 ቮልት ሲያልፍ ባትሪዎቹን ያገናኛል፤ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያያቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ካለፉ የኋለኛው ባትሪ ከዲናሞው ጋር ግንኙነት የለውም ማለት ነው። ግንኙነት ቢኖረውም አይጠቅመውም፤ ኤጂኤም ባትሪ በደንብ ለመሙላት ከ14.4 እስከ 14.7 ቮልት ይፈልጋል፤ 12.5 ደግሞ ሦስት አራተኛ ገደማ የተጫነ ባትሪ በራሱ የሚይዘው ቮልት ነው። በዚህም ምክንያት ሁለቱን ባትሪዎች በመነሻ ገመድ በቀጥታ ማገናኘት ይሻላል ብሎ የሚመክርዎ ቢኖር አይቀበሉት፤ ቻርጅ አያመጣም፤ ፊውዝ በሌለው ገመድ እየነዱ መሄድም እሳት መጋበዝ ነው።

ነገ ጠዋት ያለ ምንም ወጪ የሚሞክሩት ነገር አለ። ሞተሩን አስነሥተው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ንባቡ 12.5 እስኪደርስ ይጠብቁ፤ ከዚያ የፊት መብራቱን፣ የአየር ማራገቢያውን በመጨረሻው ፍጥነት፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያ ካለውም እርሱን ያብሩ፤ ቁጥሩን አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ይመልከትልዎ። በብዙ ቫኖች፣ በሁሉም ግን አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ይህን ጭነት ሲያይ ዲናሞውን ወደ 14 ይመልሰዋል፤ ሪሌውም መልሶ ያገናኛል። ከሠራልዎት እስከ ቤትዎ መብራትዎን አብርተው ይንዱ። ያ መንገድ ብዙ ተሳቢ የሚጎትቱ፣ እስከ 53.5 ሜትር የሚረዝሙ የጭነት መኪኖች የሚመላለሱበት ስለሆነ መብራት በቀን ማብራት በራሱ ደግ ነው። ካልሠራልዎት የሚተርፍዎ ሌሊት በማደሪያው ቦታ የሚሰኩበት የኤሌክትሪክ መስመር ነው።

ሌሊት ሞተር አስነሥቶ ማደርን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። የቆመ ሞተር ከ20 ደቂቃ በኋላ ያንኑ 12.5 ይሰጥዎታል፤ የጭስ ማውጫው ጋዝ ሰው ወደተኛበት ክፍል ሊገባ ይችላል፤ ጎረቤትም ያማርርዎታል። ሌሊት መንዳቱ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ካንጋሮ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ከመሸ በኋላና ሊነጋ ሲል ነው፤ በዚያ መስመር አጥር የሌላቸው ሰፋፊ የከብት እርባታዎች ስላሉ ላምም አስፋልቱ ላይ ተኝታ ልታገኟት ትችላላችሁ። ከፊት የተመታ ራዲያተር ይዞ በረሃ ላይ መቆም ከተዘጋ ፍሪጅ ጋር አይወዳደርም።

ይልቁንስ የሚወጣውን ይቀንሱ። ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱን ከመሬት በታች በሚሠራበት ከተማ ኮምፕሬሰሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ በየሰዓቱ ይሠራል፤ በ4 አምፒር ብናስበው ፍሪጁ ብቻ በ24 ሰዓት ወደ 50 አምፒር-ሰዓት ይወስዳል። ይህ ከባትሪዎ ግማሹ ነው፤ ኤጂኤም ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከዚያ በላይ መውሰድ አይመከርም። አሁን የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ኢንቨርተር ካለዎት እርሱን ይዩት። ምንም ሳይሰካበት በርቶ ብቻ ሲያድር 1 አምፒር ያህል የሚበላ ብዙ ነው፤ የልጆችን ታብሌት ለመሙላት ሲባል ቀን ከሌሊት በርቶ ከሆነ ከ20 አምፒር-ሰዓት በላይ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ስልኩንና ታብሌቱን በ12 ቮልት ሶኬት ይሙሉ፤ ኢንቨርተሩን ከዋናው ማጥፊያው ያጥፉት። ቡናም በኤሌክትሪክ ማፍያ ከሆነ ጀበናውን በጋዝ ምድጃ ላይ ይጣዱት፤ ጣዕሙም ይሻላል።

ሶላሩ ከተንከባከቡት ቀላል ረዳት አይደለም። ጣሪያ ላይ የተጋደመ 160 ዋት ፓኔል 6 ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ፣ ሙቀትና መስመር የሚያባክኑትን ቀንሰን፣ ከ45 እስከ 50 አምፒር-ሰዓት ሊሰጥ ይገባል፤ ይህም ከፍሪጁ ፍላጎት ጋር ይቀራረባል። ካልሰጠ ወይ ጥላ ሥር እየቆሙ ነው ወይ መስታወቱ ቀይ አቧራ ለብሷል። የዛፍ ቅርንጫፍ በፓኔሉ ጥግ ላይ የሚጥለው ትንሽ ጥላ እንኳ ከስፋቱ በላይ ይጎዳል። መስታወቱን ማለዳ ሳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ እኩለ ቀን ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አያፍስሱ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከኩበር ፒዲ እስከ ፖርት ኦገስታ 540 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ ከተነሡ ከመምሸቱ በፊት ይደርሳሉ፤ እዚያ ኤሌክትሪክ ያለበት ማደሪያ ይያዙና እንደቆሙ ወዲያውኑ ይሰኩ፤ ምክንያቱም የባትሪ የመጨረሻው 20 በመቶ ቀስ ብሎ ስለሚሞላ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ሁለተኛውን ሌሊት አደሌድን አልፈው ቦርደርታውን አካባቢ በዚሁ መልክ ቢያድሩ ሦስተኛው ቀን ቪክቶሪያን አቋርጦ ቤት መግቢያ ይሆናል። የሞተርሆም ገመድ ስፒናው 15 አምፒር ሲሆን የምድር መስመሩ ጥርስ ከተራው ሰፊ ነው፤ በተራ 10 አምፒር ሶኬት እንዲገባ ጥርሱን የሞረዱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህን በፍጹም አያድርጉ። የተጠቀለለውንም ገመድ ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ይጠቀሙ፤ ጥቅልል እንደሆነ ብዙ አምፒር ሲያልፍበት ይግላል።

መስመር ላይ በተሰኩበት ሌሊት በፍሪጁ የማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ጥቂት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውኃ ሞልተው፣ አናታቸውን ትንሽ አጉድለው፣ በረዶ ያድርጓቸው። ቀን እየነዱ ያ በረዶ ኮምፕሬሰሩን ያሳርፈዋል። እዚህ ላይ የእናትዎን ነገር በጥንቃቄ ይያዙ፦ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ከቅዝቃዜ ብዛት በረዶ ከሆነ ደግሞ ይበላሻል፤ ቢቀልጥም መልሶ አይጠቅምም። ስለዚህ ከማቀዝቀዣው ግድግዳና ከበረዶ ጠርሙሶቹ አርቀው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ መሐል መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፤ ርካሽ ቴርሞሜትርም አጠገቡ ያስቀምጡ። እየተጠቀሙበት ያለው የተከፈተው ኢንሱሊን አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ለ4 ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ ትክክለኛውን ልክ ከመድኃኒቱ ጋር ያለው ወረቀት ይነግርዎታል። በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ግን አይተዉት። ፍሪጁ ለረጅም ሰዓት ተዘግቶ ካደረ ፖርት ኦገስታ ላይ ፋርማሲ ጠይቁ።

እቤትዎ ሲደርሱ መጀመሪያ ባትሪውን ይፈትሹ። ሌሊቱን በመስመር ቻርጅ አድርገው፣ ነቅለው፣ ሁሉንም አጥፍተው፣ ሶላሩንም ለይተው ጥቂት ሰዓት ያሳርፉትና በቴስተር በቀጥታ ከባትሪው ዋልታዎች ላይ ይለኩ። 12.7 ወይም 12.8 ካሳየ ደህና ጅምር ነው። ከዚያ 5 አምፒር ያህል የሚወስድ ነገር ለ4 ሰዓት ያብሩበት፤ ጤነኛ ባትሪ ከዚህ በኋላ ዐርፎ ከ12.4 አይወርድም። በመጀመሪያው ሰዓት ወደ 11 ከሮጠ ደጋግሞ ባዶ ማደሩ ጎድቶታልና ይቀየር፤ ሆኖም አዲሱ ከመግባቱ በፊት መስመሩ ይሠራ።

መስመሩ የሚፈልገው ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚጭን ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ነው። ይህ ዕቃ ከዲናሞው 12.5 ቢመጣለትም ከፍ አድርጎ 14.4 ያወጣል። ለ100 አምፒር-ሰዓት ኤጂኤም 25 አምፒር ይበቃል፤ የ40ውን የሚያስገዛዎ ሻጭ ለባትሪው አላሰበለትም። አሮጌው ሪሌ የግድ ይውጣ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከቀሩ ቻርጀሩ ወደ ኋላ የላከውን ሪሌው ወደ ፊት ይመልሰዋል፣ ኤሌክትሪኩም ዙሪያውን ይሽከረከራል። ቻርጀሩ ከቁልፉ ጋር የሚያያዝ ቀጭን ሽቦ አለው፤ ካልተያያዘ ቮልቱ ሲወርድ ሞተሩ ጠፍቷል ብሎ ያቆማል፤ ከተገጠመ በኋላ ተመልሶ የሚመጣው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሽቦ ነው።

ገመዱን ሲገዙ ይጠንቀቁ። አውስትራሊያ ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጠው የመኪና ሽቦ 6 ሚሊ የሚለካው የላስቲኩን ውፍረት ጨምሮ ከውጭ ነው፤ ውስጡ ያለው መዳብ 4.6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ6 ሜትር ርቀት፣ መመለሻውን ጨምሮ 12 ሜትር፣ 30 አምፒር ሲያልፍበት 1.3 ቮልት ይበላል። በሌላ የገመድ መለኪያ 6 ቢ ኤንድ ኤስ የሚባለው፣ 13.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ያለው፣ ከግማሽ ቮልት በታች ያባክናል። በሁለቱም ጫፍ ለባትሪው ቅርብ ሆኖ ፊውዝ ይግባ። የ12 ቮልቱን ሥራ እጅዎ የለመደ ከሆነ ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ፤ የ240 ቮልቱን ግን በሕግ ፈቃድ ካለው ኤሌክትሪሺያን በቀር ማንም አይነካውም።

ሥራው ሲያልቅ ሀይዌይ ላይ በአንድ ፍጥነት ለግማሽ ሰዓት ነድተው መቆጣጠሪያውን ይዩ፤ የፊተኛው ባትሪ 12.5 እያለ የኋለኛው ከ14 በላይ ካነበበ በትክክል ተገጥሟል።