ጠርሙሱን አስቀድማችሁ እዘዙ፤ ግን መጀመሪያ ጠጪዎቻችሁን ቁጠሩ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለባለቤትሽ 50ኛ ዓመት ልደት አራት ጥንዶች ሆናችሁ፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከማያሚ ለ5 ሌሊት በክሩዝ (በመዝናኛ መርከብ) ልትወጡ ነው። መጠጡን በሻንጣ ይዘን እንግባ፣ ቀድመን ክፍላችን ድረስ ጠርሙስ እንዘዝ፣ ወይስ የመጠጥ ፓኬጅ (በቀን ቁርጥ ዋጋ ከፍሎ ባር ላይ መጠጣት) እንግዛ ነው ያልሽው። እኔና ባለቤቴ እስካሁን ስድስት ጊዜ ወጥተናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዘመድ ጋር ነው። ሦስቱም ሲደረግ በቅርብ አይቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከሻንጣው ልጀምር። አትሞክሩት። ወደብ ላይ ለጫኚዎቹ የምትሰጡት ሻንጣ ልክ እንደ ኤርፖርት በኤክስሬይ ያልፋል። ጠርሙስ ከታየበት ክፍላችሁ አይመጣም። ታች ያስቀሩትና ወርዳችሁ እንድትከፍቱት ይጠሯችኋል። የባለቤቴ አጎት ከአገር ቤት የመጣለትን የደብረ ብርሃን አረቄ በሃይላንድ ሞልቶ ልብሱ መሃል ጠቅልሎት ነበር። ውሃ ይመስላል ብሎ ነው። የሁላችንም ሻንጣ ሲደርስ የእሱ ቀረ። ለመጀመሪያው እራት ብሎ ያዘጋጀው ሱፍ ሻንጣው ውስጥ ስለነበር እራት ላይ አልተገኘም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ተጠርቶ ወረደ። አረቄውን ፊቱ ደፉት። ትልቅ ሰው ነው፤ በዚያ ዕድሜው እንደ ልጅ ሲጠየቅ ማየት ደስ አይልም። አንዳንድ መርከቦች የያዙትን ጠርሙስ በመጨረሻው ቀን ይመልሳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን እንደዚህ ይደፉታል። የአፍ ማጠቢያ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ የሚሉ ምክሮችንም አትስሚ።

በሕጋዊ መንገድ ይዞ መግባት የሚቻለው ወይን ነው። ካርኒቫልና ሮያል ካሪቢያን የተባሉት የመርከብ ኩባንያዎች ዕድሜው 21 የሞላ እያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ወይን ወይም ሻምፓኝ ይዞ እንዲሳፈር ይፈቅዳሉ። ስምንት አዋቂ ናችሁ፤ ስምንት ጠርሙስ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ሳይጠቀምበት ይቀራል። ሁለት ነገር ልብ በይ። ጠርሙሱ በመጀመሪያው ቀን፣ በእጅ በምትይዙት ቦርሳ ነው የሚገባው። ደግሞም ከፋብሪካ እንደታሸገ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቤት የጠመቅሽው ጠጅ አያልፍም። ክፍላችሁ ውስጥ ብትጠጡት ክፍያ የለውም። ወደ ምግብ አዳራሽ ከወሰዳችሁት ግን ለመክፈቻ 15 ዶላር ይጠይቃሉ። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ ወይን ቢፈቅድም ክፍል ውስጥ ለሚጠጣውም ያስከፍላል። ለማንኛውም የራሳችሁን መርከብ ደንብ ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ሳምንት እንደገና አንብቡት፤ ይቀያየራል።

አሁን ወደ ፓኬጁ። ማስታወቂያው ያጓጓል፣ «ያልተገደበ» የሚል ነገር ሲታይ ሁሉም ሰው ይነሳሳል። ችግሩ አንድ ክፍል ውስጥ አንዱ አዋቂ ከገዛ ሌላውም እንዲገዛ ማስገደዳቸው ነው። የካርኒቫሉን ካየሽ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ15 የአልኮል መጠጥ በላይ አይሰጥም። 15 ለጤነኛ ሰው ከበቂ በላይ ስለሆነ ገደቡ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ አስገዳጁ ነገር ነው። ከነጉርሻው በቀን 70 ዶላር ነው እንበል። ለሁለት ሰው፣ ለ5 ቀን፣ 700 ዶላር ይሆናል። አራት ክፍል ሲሆን 2,800 ዶላር። ከእናንተ መሃል በየቀኑ ስድስት ሰባት መለኪያ የሚጠጣ ስንት ሰው ነው? እኛ ቤት ብዙውን ጊዜ ባል ሁለት ውስኪ ይጠጣል፣ ሚስት ለወጉ አንድ ብርጭቆ ወይን ይዛ ትቀመጣለች። ወይን ሳትይዝም የምትቀመጥ አለች። ለእሷም 350 ዶላር ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

የእናንተ ጉዞ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ ነው። ፈረንጆቹ ኦገስት 7 ከሚሉት ቀን ጀምሮ ለ15 ቀን። ሌላውን ጾም የማይጾም ሰው እንኳ ፍልሰታን ይጾማል። ከአራቱ ጥንዶች ማን እንደሚጾም፣ ከጾሙ ጋር መጠጥም የሚተው ማን እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። በነገራችን ላይ የጾም ምግብ አያሳስባችሁ። ለአስተናጋጁ ቪጋን ነን በሉት፤ ማታ ማታ የነገውን ሜኑ አምጥቶ ያስመርጣችኋል። እኛን በጥሩ ሁኔታ ነው ያስተናገዱን።

ለእናንተ ዓይነት ቡድን ክፍል ድረስ የሚመጣ ጠርሙስ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ውስኪ ወደ 17 መለኪያ ይወጣዋል። ባር ላይ አንዱን መለኪያ 12 ዶላር ቢሸጡት፣ ጉርሻ ሲጨመር 14 ዶላር ያልፋል። 17ቱ መለኪያ 240 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ክፍል ድረስ ያዘዝኳቸው ጠርሙሶች ከዚህ ግማሽ እንኳ ሞልተው አያውቁም። ሜሪላንድ ካለው ሱቅ ጋር ካወዳደርሽው እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ግን ማወዳደር ያለብሽ ከባሩ ዋጋ ጋር ነው፤ ሱቁ ባሕር ላይ የለም።

ከዋጋው በላይ ግን እኔ የምወደው ሌላ ነገር አለው። እኛ መጠጥ የምንወደው ተሰብስበን፣ እየተጫወትን ነው። ባር ላይ ቆሞ ሙዚቃ እየጮኸ ወግ የለም። ማታ ከእራት በኋላ አንዱ ክፍል በረንዳ ላይ ወንበር ጨምረን፣ ብርጭቆ አዘጋጅተን፣ «ግቡ፣ ግቡ» ስንባባል ነው ጉዞው ጉዞ የሚመስለኝ። ልደት ሲሆን ደግሞ ባለ ልደቱ በገዛ ክፍሉ እንግዳ ይቀበላል። ለዚህ የአንዳችሁን ክፍል በረንዳ ያለው አድርጉ። አራቱም መሆን የለባቸውም።

አስተዛዘዙ እንዲህ ነው። የቡኪንግ (የጉዞ ምዝገባ) ቁጥራችሁን ይዛችሁ የመርከቡ ድረ ገጽ ላይ ትገባላችሁ። ስጦታ ወይም ባር በሚለው ቦታ ስር ጠርሙሶቹ ከነዋጋቸው ይወጣሉ። ሁሉም መርከብ አይሸጥም፤ ካርኒቫል ይሸጣል። ምርጫው ብዙ አይደለም። ታዋቂ የሆኑት ውስኪ፣ ቮድካ፣ ጂን፣ ሩምና ኮኛክ ናቸው። ባለቤትሽ የለመደው አንድ ዓይነት ብቻ ከሆነ መኖሩን ቀድመሽ እይው። ከመነሻው ጥቂት ቀን ሲቀረው ማዘዣው ይዘጋል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጨርሱት። ለአንድ ክፍል ስንት ጠርሙስ እንደሚፈቀድም እዚያው ተጽፏል።

እባክሽ አሁን የምነግርሽን በደንብ አንብቢው፤ እኛን ያስቸገረን እሱ ነው። የሀበሻ ስም።

ከጥቂት ዓመት በፊት የባለቤቴ እህትና ባሏ 20ኛ የጋብቻ በዓላቸውን አብረውን በመርከብ አከበሩ። አንድ ጠርሙስ ኮኛክ ሳይሰሙ ክፍላቸው ድረስ አዘዝኩላቸው። ሁለት ክፍል ነበራቸው። ልጆቹ 17 እና 19 ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን በአንድ ክፍል መመዝገብ ስለማይችሉ በወረቀት ላይ አባትየው ከልጆቹ ጋር፣ እናትየው ከአማቷ ጋር ነበር የተጻፉት። ወረቀቱ ይህን ይላል እንጂ ባልና ሚስቱ አብረው ነው የሚያድሩት። እኔ የባልየውን ስምና ቁጥር አስገባሁ። ጠርሙሱ የልጆቹ ክፍል ሄደ። አስተናጋጁ ሲያንኳኳ 19 ዓመቱ ልጅ ከፈተ። ከአሜሪካ በሚነሳ መርከብ ላይ 21 ያልሞላው መጠጥ አይቀበልም፤ ይዞት ተመለሰ። ልጁም ለማንም አልተናገረም፣ የሌላ ሰው ዕቃ ነው የመጣው ብሎ ነበር ያሰበው።

ሁለት ሌሊት ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን የእንግዳ መቀበያው ጋ ሄድኩ። የጎርፍ ውሃ የወሰደው ዕቃ ፍለጋ ሆነ። በባልየው የመጨረሻ ስም ሲፈልጉ የሚስትየው ክፍል አይወጣም፣ የእሷ የመጨረሻ ስም የራሷ አያት ስም ነው። የልጆቹ ደግሞ የአባታቸው ስም ነው፣ ከአባታቸው የመጨረሻ ስም ጋር አይገናኝም። እኔ ደግሞ አራተኛ ስም ይዤ ቆሜያለሁ። እኛ አገር ሚስት ስሟን አትለውጥም፣ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል ብዬ አስረዳሁ። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና ሰማችኝ፤ ኮምፒውተሩ ግን አልገባውም። ጠርሙሱ ክፍላቸው የደረሰው በአራተኛው ሌሊት ነው። የበዓሉ ቀን ሁለተኛው ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ስታዢ የክፍሉን ቁጥርና ቡኪንጉ ላይ አንደኛ ሆኖ የተጻፈውን ሰው ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደል ልክ አስገቢ። በዚያ ክፍል ውስጥ 21 የሞላው ሰው መመዝገቡን አረጋግጪ። የመጣልሽን የማረጋገጫ ኢሜል ፎቶ አንሺው፤ ባሕር ላይ ኢንተርኔት በገንዘብ ነው። በመጀመሪያው ቀን እስከ እራት ካልደረሰ ነገ ይመጣል ብለሽ አትቀመጪ። ያኔውኑ ሂጂ።

ብዙ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር ልጨምር። መርከቡ ላይ ያለው የዲዩቲ ፍሪ ሱቅ ርካሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ናሳው ወይም ኮዙሜል ስትወርዱም ሩምና ቴኪላ በጥሩ ዋጋ ታገኛላችሁ። እነዚህ ግን ለልደቱ አይሆኑም። መርከቡ ይቀበላችሁና ያስቀምጠዋል፤ የሚሰጣችሁ በመጨረሻው ምሽት ወይም ስትወርዱ ጠዋት ነው። ወደ ቤት የሚገባ ስጦታ ከሆነ ይገዛ። አሜሪካ ስትገቡ 21 የሞላው ሰው ብዙውን ጊዜ ያለቀረጥ የሚያስገባው 1 ሊትር ነው። ከማያሚ በአውሮፕላን ስለምትመለሱ በእጅ ቦርሳ አይገባም፣ ሻንጣ ውስጥ በደንብ ጠቅልሉት። ከዳላስና ከሂዩስተን ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ፣ ጋልቨስተን ስትወርዱ የቴክሳስ ግዛት ሰዎች ለጠርሙሱ ግብር እንደሚቀበሉ እወቁ።

ማቀላቀያውን በተመለከተ፣ ካርኒቫል ለአንድ ሰው እስከ 12 ቆርቆሮ ለስላሳ ወይም ውሃ በእጅ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ቆርቆሮ ይሁን፣ የፕላስቲክና የጠርሙስ አይፈቀድም። አምቦ ውሃ ልያዝ ያልሽ እንደሆነ እዚያ ላይ ይቀራል። በረዶ ክፍል የሚያጸዳውን ሰው ከጠየቃችሁት በየማታው ያመጣል። መጀመሪያ ቀን ትንሽ ጉርሻ በእጁ ስጡት፣ ሥራቸው ከባድ ነው።

ቡናም ላፍላ ብለሽ ነበር። ጀበናውን ቤት ተዪው። ምድጃም፣ ሻማም፣ ዕጣንም ክልክል ነው፤ በባሕር ላይ እሳት ቀልድ ስላልሆነ ልክ ናቸው።

እናንተን ብሆን ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነው የማዘው። አንዱ ውስኪ፣ በባለ ልደቱ ክፍል። ሌላው ቮድካ ወይም ጂን፣ በረንዳ ባለው ክፍል። ስምንቱን ወይን በእጅ። ገንዳው ዳር ኮክቴል የፈለገ ሰው በአንድ በአንድ ይግዛ። የክፍሉን ጠርሙስ ወደ ባርና ወደ ገንዳ ይዛችሁ አትውጡ፣ ለክፍል ውስጥ ብቻ ነው የሚሸጡት። በረንዳው ላይ ስትጠጡም ማንም ሰው መደገፊያው ብረት ላይ እንዳይቀመጥ፣ ለፎቶም ቢሆን።

የመርከቡን ስምና ክፍሎቹ በማን በማን ስም እንደተያዙ በግል መስመር ጻፊልኝ። ማታ ከሥራ ስመለስ አብረን ገጹን ከፍተን እናያለን።