«ግሉታሜት ተቀባይ» ወይስ «የግሉታሜት ተቀባይ»?

ጥያቄ፦ ስለሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። እንዲህ ነው የጻፍኩት፦ «መድኃኒቱ በአእምሮ ውስጥ ያሉትን የግሉታሜት ተቀባዮች በማጥቃት የሚጥል በሽታን ይፈውሳል።» ጓደኛዬ «ተቀባይማ ሰው ነው» ብላ ሳቀችብኝ። «ሪሴፕተር» ብዬ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ጓደኛዎ የሳቁት ደህናው ቃል ላይ ነው። ያስቸገሩት ሌሎቹ ናቸው።

«ተቀባይ» የወጣው «ተቀበለ» ከሚለው ግስ ነው። ግሱ ላይ የነበረው «ለ» እዚህ «ይ» ሆኗል፤ «ከፈለ» «ከፋይ»፣ «ገደለ» «ገዳይ» እንደሚሆነው። እንዲህ ያለው ስም አድራጊውን ይናገራል እንጂ አድራጊው የግድ ሰው ይሁን አይልም። «ገዳይ በሽታ» ስንል ማን ሳቀ? እዚህ ተቀባዩ በነርቭ ሴል ገጽ ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። አንዱ ሴል ግሉታሜት የሚባለውን መልእክተኛ ኬሚካል ይለቃል፤ የሚቀጥለው ሴል ተቀባይ ይይዘዋል። ያን ጊዜ በር ይከፈትና እንደ ሶዲየም ያሉ ጨዎች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ሴሉም ይነቃቃል። በነገራችን ላይ ተቀባዩ ተቀብሎ አያስቀርም፤ ወዲያው መልሶ ይለቀዋል።

ስለ «የ» ካነሳን፣ «እንግዳ ተቀባይ»፣ «ገንዘብ ተቀባይ» እንላለን። የሚቀበሉት ነገር ያለ «የ» ከፊት ይቀመጣል። ስለዚህ «ግሉታሜት ተቀባይ» የአማርኛውን መንገድ የተከተለ ነው። «የግሉታሜት ተቀባይ» ስህተት ነው አልልም። ግን «የአንጎል የግሉታሜት የተቀባይ» እያሉ ሲደራርቡት አንባቢው ትንፋሽ ያጥረዋል። አንዷ «የ» ትበቃለች፦ «የአንጎል ግሉታሜት ተቀባዮች»።

«አንጎል» ማለቴን ልብ ይበሉ። አእምሮ የሚያስበው፣ የሚያስተውለው ነው። ፕሮቲን ያለው አንጎል ላይ ነው።

አሁን ወደ «ማጥቃት» እንምጣ። በእኔ እይታ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። የሚጠቃው ጠላት ነው፤ ግሉታሜት ተቀባይ ግን ጠላት አይደለም። ግሉታሜት አንጎልን ከሚያነቃቁት መልእክተኞች ዋናው ነው። ያለ እሱ መማርም ማስታወስም የለም። የሚጥል በሽታ ሲነሳ ብዙ ሴሎች በአንድ ጊዜ ከልክ በላይ የኤሌክትሪክ ምልክት ይተኩሳሉ፤ መድኃኒቱም የሚፈለገው ያንን ለማብረድ ነው። ተቀባዩን አብዝተው ከዘጉት ግን መዘዝ አለው። ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ዓይነት ተቀባይ የሚዘጋው ኬታሚን ማደንዘዣ ነው፤ የሌለ ነገር እስከማሳየትም ይደርሳል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውም የተነሳው ሕመም አልቆም ብሎ ሌላው መድኃኒት ሲያቅተው ነው። በ2012 በአውሮፓና በአሜሪካ የተፈቀደው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፔራምፓነል ደግሞ የሚሠራው አምፓ በሚባለው ተቀባይ ላይ ነው። ግሉታሜት ከሚያርፍበት ቦታ ላይ አይሻማም። ሌላ ጥግ ይዞ በሩ እንዳይከፈት ያደርጋል። ለዚህ «ይገታል» የሚለው ግስ ልክ ነው። «ቦታውን ይይዝበታል» ቢሉ ግን ለፔራምፓነል ውሸት ይሆናል።

«ይፈውሳል»ም ይውጣ። እነዚህ መድኃኒቶች በሽታው እንዳይነሳ ይከላከላሉ እንጂ ከሥሩ አይነቅሉትም። እዚህ ላይ የሰው አነጋገር ከሐኪሙ ቋንቋ አይተናነስም፦ «ተነሳበት»፣ «ጣለው» ይባላል። ልክ እንደ «አመመኝ»፣ «ራበኝ»፣ ሰውየው ተደራጊ ነው፤ አድራጊው ሕመሙ ነው። በግሪክኛም የበሽታው ስም «መያዝ» ከሚል ግስ ነው የመጣው። እነሱን ያዛቸው፣ እኛን ጣለን። ችግሩ፣ ሁሉም ታማሚ አይወድቅም። ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ ብቻ የሚመለስ አለ። ስለዚህ «የሚጥል በሽታ»ን ለበሽታው ስም ይተዉት፤ አንዱን ጊዜ ለመግለጽ ግን «ሲነሳበት» ይበሉ፣ «ሲጥለው» አይበሉ።

ኤንኤምዲኤን፣ አምፓንና ካይኔት የሚባለውን ሌላውን ዓይነት ተቀባይ ለመተርጎም አይድከሙ። ተቀባዮቹ የተሰየሙት ተመራማሪዎች እነሱን ለመቀስቀስ በተጠቀሙባቸው ኬሚካሎች ነው። ካይኔት ስሙን ያገኘው በጃፓን ካይኒንሶ ከሚባል የባሕር አረም ነው። ግሉታሜት ራሱ ከስንዴ ግሉተን ነው የተሰየመው፤ በ1866 ሪትሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ግሉታሚክ አሲድን ያወጣው ከዚያ ነበር።

ዓረፍተ ነገርዎን እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «መድኃኒቱ የአንጎል ግሉታሜት ተቀባዮችን በመግታት የሚጥል በሽታ እንዳይነሳ ይከላከላል።» ጽሑፉ ስለ ፔራምፓነል ብቻ ከሆነ «ግሉታሜት ተቀባዮችን» ከማለት «አምፓ የተባሉትን ግሉታሜት ተቀባዮች» ይበሉ።