ገና ያልመጠቁ ሳተላይቶች ትክክለኛነት እንዴት ይሰላል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደቡብ ኮሪያ ኬፒኤስ የተባለ የራሷን የቦታ ጠቋሚ ሳተላይት ሥርዓት እስከ 2035 እ.ኤ.አ. ለማጠናቀቅ አቅዳለች። ሳተላይቶቹ ምህዋር ሳይገቡ ስለ ትክክለኛነታቸው መናገር እንዴት ይቻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይቻላል። ስሌቱ በመሠረቱ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። አንደኛው ከሳተላይት እስከ መቀበያ ያለው ርቀት ሲለካ የሚፈጠረው ስህተት ነው። ሁለተኛው ባለሙያዎች ዲኦፒ የሚሉት ሲሆን፣ ሳተላይቶቹ በሰማይ ላይ ምን ያህል ተበታትነው እንደሚታዩ ይገልጻል። በደንብ ከተበታተኑ ቁጥሩ ያንሳል፤ አንድ ጥግ ላይ ከተጠጋጉ ያድጋል።

ለምሳሌ የምህዋርና የሰዓት ስህተት 1 ሜትር፣ ከእርማት በኋላ የሚቀረው የአዮኖስፌር (ነፃ ኤሌክትሮኖች ያሉበት የላይኛው የአየር ንብርብር) ስህተት 1.5፣ የትሮፖስፌር (የታችኛው የአየር ንብርብር) 0.3፣ የመቀበያው ጫጫታና ከሕንፃ የሚንጸባረቅ ሞገድ 0.8 ይሁን እንበል። እነዚህ እርስ በርስ ስለማይገናኙ በቀጥታ አይደመሩም፤ ካሬያቸው ተደምሮ ሥሩ ይወሰዳል። ውጤቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ዲኦፒው 2 ከሆነ የቦታው ስህተት 4 ሜትር፣ 6 ከሆነ ደግሞ 12 ሜትር ይሆናል። ሳተላይቶቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የቆሙበት ቦታ ብቻ ነው።

የኬፒኤስ እቅድ 8 ሳተላይቶች ናቸው፤ 3ቱ ከምድር ወገብ በላይ አንድ ቦታ የሚቆሙ፣ 5ቱ በዘንባላ (ከምድር ወገብ አንፃር ባዘነበለ) ምህዋር የሚዞሩ። በምድር ወገብ ላይ የሚቆሙት ከሴኡል ሲታዩ ሁሉም በደቡብ በኩል ናቸው። ዘንባላዎቹ ወደ አናት ይወጣሉ እንጂ በስተሰሜን ያለው የሰማይ ግርጌ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የከፍታና የሰሜን-ደቡብ ስህተቱን ከምሥራቅ-ምዕራቡ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጥቅል ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ግምገማ ይህን ይሸፍነዋል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ችግር አለ። የምህዋር ስህተቱን የሚወስኑት የምድር መከታተያ ጣቢያዎች ናቸው። የአገሪቱ ስፋት ከሰሜን እስከ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሳተላይቱ ያለው ግን 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ጣቢያዎቹ በሙሉ በአገር ውስጥ ቢተከሉ ከሳተላይቱ ሲታዩ ሁሉም ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ሁኔታ የሳተላይቱን ሰዓት መዛባት ከርቀቱ መዛባት መለየት በጣም ይከብዳል። ለአገሬው ተጠቃሚ ሁለቱ ስህተቶች እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ብዙም አይጎዳም። ከጣቢያዎቹ በራቁ ቁጥር ግን መጠፋፋቱ ይቀራል፤ ስህተቱም ያድጋል። ስለዚህ በውጭ አገር የሚተከሉ ጣቢያዎች ቁጥርና ቦታ ከሳተላይቶቹ ቁጥር ያላነሰ ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ እንዲህ ያለ ሥርዓት በፓይተን ማስላት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? የት ልሳሳት እችላለሁ? (ከባሕር ዳር፣ የጂኦማቲክስ ተማሪ)

መልስ፦ ከምህዋሩ ይጀምሩ። የምህዋሩ ግማሽ ረጅም ዘንግ (ከምድር መሃል ሲለካ) 42,164 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዙሩም 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ የምህዋሩን ዝንባሌና የምድር ወገብን የሚያቋርጥበትን ኬንትሮስ ያስገቡ። የእያንዳንዱን ሳተላይት ቦታ በየ5 ደቂቃው ለአንድ ሙሉ ዙር ያስሉ። ቅርጹ በየቀኑ ስለሚደጋገም ከአንድ ቀን በላይ ማስላት አያስፈልግም። ቦታውን ከምድር ጋር ወደሚዞረው መጋጠሚያ መቀየር አይርሱ። ይህ ከተረሳ አንድ ቦታ መቆም የሚገባው ሳተላይት ምድርን ሲዞር ይታያል፤ ስህተቱም ወዲያው ይታወቅዎታል።

ቀጥሎ የአገልግሎት ክልሉን በ1 ወይም በ2 ዲግሪ መረብ ይከፋፍሉ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ወደ እያንዳንዱ ሳተላይት የሚያመለክተውን የአቅጣጫ ቬክተር በምሥራቅ፣ በሰሜንና በከፍታ ይጻፉ። ለሰዓት አራተኛ ዓምድ በ1 ይሙሉ። የማትሪክሱን ትራንስፖዝ (ረድፉና ዓምዱ የተለዋወጠውን) በማትሪክሱ አባዝተው የውጤቱን ኢንቨርስ ይውሰዱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰያፍ ቁጥሮች ድምር ሥር የቦታ ዲኦፒ ነው። ከአድማስ በላይ ከ10 ዲግሪ በታች የሚታዩትን ሳተላይቶች ይጣሉ። ለከተማ 30 ዲግሪ አድርገው እንደገና ያሂዱት፤ በጎዳና ላይ ያለው እውነት ከዚህ ይቀርባል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ውጤቱን ሲያጠቃልሉ ነው። የቀኑን አማካይ ይወስዳሉ። ለሁለት ሰዓት ያህል ዲኦፒው 40 ቢደርስ አማካዩ ችግሩን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ 95 በመቶውን ጊዜ የማይታለፈውን ቁጥር፣ እንዲሁም የከፋውን ሰዓት ያውጡ። ከጂፒኤስ ጋር አጣምረው ሲያሰሉ ደግሞ ሁለቱ ሥርዓቶች የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው አምስተኛ ዓምድ ይጨምሩ፤ አለዚያ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ያማረ ይሆናል።

ከዚያ ሳተላይቶቹን አንድ በአንድ እያጎደሉ ይሞክሩ፤ ለ8 ሳተላይት 8 ሙከራ ነው። ሁለት ሁለቱን ለማጉደል 28 ይሆናል። ይህ ትርፍ ሥራ አይደለም። በሕንዱ የቦታ ጠቋሚ ሥርዓት በናቪክ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ሦስቱም አቶሚክ ሰዓቶቿ ተበላሹ። እሷን እንድትተካ በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. የተላከችው ደግሞ የሮኬቱ መከለያ ሳይላቀቅ ቀርቶ ጠፋች። በወረቀት ላይ 7 ሳተላይት ያለው ሥርዓት መሬት ላይ ሲወርድ በዚያ ቁጥር ላይቆይ ይችላል። ያለዚህ ሙከራ የቀረበ ግምገማ ለእኛ ግማሽ ሥራ ነው።

ኮድዎን ለማረጋገጥ በእጅዎ ባለ ነገር ይፈትኑት። አዲስ አበባ ውስጥ ኤዲአይኤስ የሚባል የዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ (የቦታ ጠቋሚ ሳተላይቶች) መረብ ጣቢያ አለ፤ ቦታው በጣም በትክክል ይታወቃል። የጂፒኤስ ምህዋር መረጃ አስገብተው ኮድዎ የሚሰጠውን ስህተት ከጣቢያው ትክክለኛ መረጃ ጋር ያነጻጽሩ። እዚያ ካልተስማማ ለኮሪያ ያወጡት ቁጥርም አይታመንም።

ጥያቄ፦ አዲስ የገዛሁት መቀበያ ናቪክ ይቀበላል ይላል። ለቅየሳ ሥራዬ ይጠቅመኛል? (ከአዲስ አበባ፣ ቀያሽ)

መልስ፦ ብቻውን አይበቃዎትም፤ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ግን ጥቂት ይጨምራል። የናቪክ ሰፊ የአገልግሎት ክልል ከ30 እስከ 130 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሚዘረጋ አዲስ አበባ ውስጡ ናት። ነገር ግን በእቅዱ መሠረት የሰባቱን ቦታ ከአዲስ አበባ ስናሰላው እንዲህ ይወጣል። በ32.5 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ያለው ከአድማስ በ77 ዲግሪ ከፍታ፣ አናትዎ ላይ ማለት ይቻላል። በ83 ያለው በ38 ዲግሪ። ሦስተኛው፣ በ131.5 ያለው፣ ከአድማስ በታች ነው። በ111.75 የሚወጡትና የሚወርዱት ሁለቱ ከ15 ዲግሪ አይዘሉም፤ ሕንፃና ተራራ ይበላቸዋል። በ55 ዙሪያ ስምንት ቁጥር እየሠሩ የሚሄዱት ሁለቱ ግን በደንብ ይታያሉ።

እንግዲህ የሚታመኑት አራት ብቻ ናቸው፤ አንድ እንኳ ቢጎድል የቦታ ስሌት የለም። አራቱ ቢሟሉም በ55ቱ ሁለቱም ወደ ምድር ወገብ በቀረቡበት ሰዓት አራቱ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ የሰሜን-ደቡብ ስህተቱም ያኔ ይፈነዳል።

አዮኖስፌሩም ይከብዳል። የመሬት መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። በዚያ ሰማይ 100 ዩኒት ኤሌክትሮን (ቴክ በሚባለው የኤሌክትሮን ብዛት መለኪያ) ቢኖር ናቪክ ከሚያሰራጫቸው ሞገዶች በኤል5 ላይ የ29 ሜትር መዘግየት፣ በኤስ ሞገድ ላይ ግን 6.5 ሜትር ብቻ ያስከትላል። ሁለቱን ሞገዶች ያጣመረ መቀበያ መዘግየቱን ያጠፋዋል፤ የሚያመጣው ተጨማሪ ጫጫታም 1.3 እጥፍ ገደማ ነው። ኤል1ንና ኤል5ን የሚያጣምር ጂፒኤስ 2.6 እጥፍ ይከፍላል። ችግሩ አብዛኞቹ መቀበያዎች ኤስን አይቀበሉም፤ የእርስዎንም መመሪያ ደብተር ይመልከቱ።

ለመፈተን መጋጠሚያው በሚታወቅ የቅየሳ ነጥብ ላይ 24 ሰዓት ይመዝግቡ። አንድ ጊዜ ናቪክን ጨምረው፣ አንድ ጊዜ አጥፍተው ያስሉና ያነጻጽሩ። በተለይ ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያለውን ለይተው ይዩ። በመጋቢትና በመስከረም ሞገዱ የሚቆራረጠው በዚያ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ሥርዓት «5 ሜትር» ሌላው «10 ሜትር» ብሎ ያስተዋውቃል። የትኛው ይሻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በስንት በመቶ እንደተባለ ይጠይቁ። የአግድም ስህተቱ በየአቅጣጫው እኩል ከሆነ፣ በ50 በመቶ 5 ሜትር የሚል ሥርዓት በ95 በመቶ 10.4 ሜትር ነው። ሁለተኛው 10 ሜትሩን በ95 በመቶ ከተናገረ የሚሻለው እሱ ነው። የከፍታው ስህተት ተለይቶ ካልተጻፈም ይጠይቁ፤ ከአግድሙ የባሰ ሆኖ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።