ኢንተርኔትና ሬዲዮ፦ የትኛው ከየትኛው መጣ?

ጥያቄው “ኢንተርኔት መጀመሪያ በሽቦ ተሠርቶ ገመድ አልባው ኋላ የተቀጠለበት አይደለም ወይ? ዋይፋይን የፈጠረችውስ ተዋናይቷ ሄዲ ላማር ናት የሚባለው እውነት ነው?” የሚል ነው። ለመጀመሪያው ብዙ ጊዜ “አዎ” ተብሎ ይታለፋል። እኔ አልስማማም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሽቦ የተጀመረው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት አርፓ ያሠራው የኮምፒውተር መረብ፣ አርፓኔት፣ ነው፤ አርፓኔትና ኢንተርኔት ደግሞ አንድ አይደሉም። ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ሎስ አንጀለስ ካለው ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ ሁለት ፊደል እንደደረሰ ሲስተሙ ወደቀ። መስመሮቹ በሰከንድ 50 ኪሎቢት የሚያሳልፉ የተከራዩ የስልክ መስመሮች ነበሩ። ፓኬት (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) እንዳይጠፋ የሚጠብቁት በየጣቢያው የተቀመጡት አስተላላፊ ኮምፒውተሮች ናቸው። በዳር ያሉት ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ኤንሲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) “የላክሁት ይደርሳል” ብሎ ስለሚያምን፣ የጠፋ ፓኬት መልሶ የሚልክበት መንገድ አልነበረውም። በሽቦ ላይ ይህ ብዙም አላስቸገረም።

በ1971 ግን የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በደሴቶቹ ላይ ያሉትን ተርሚናሎች በሬዲዮ አገናኙ። ስሙ አሎሃኔት ነው። 407.350 እና 413.475 ሜጋኸርዝ ላይ ሁለት ቻናሎች ነበሩት፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 9600 ቢት። ፓኬቱ ቢበዛ 80 ባይት ዳታ ሲይዝ፣ ከራስጌውና ከስህተት መፈተሻው ጋር 704 ቢት ይሆናል። አየር ላይ የሚቆየው 73 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ሕጉ በጣም ቀላል ነበር፦ የምትልከው ሲኖርህ ላክ፤ “ደርሶኛል” የሚል ምላሽ ካልመጣ ጊዜውን በዕጣ መርጠህ ድገም። ዕጣው ለጌጥ አይደለም። የተጋጩት ሁለቱ እኩል ጠብቀው ቢደግሙ እንደገና ይጋጫሉ። በዚህ ዘዴ ቻናሉ ቢበዛ 18.4 በመቶ ብቻ ይሠራል፤ መላኪያውን በተመደቡ የጊዜ ክፍልፋዮች ቢገድቡት 36.8 በመቶ ይደርሳል። ሮበርት ሜትካፍ በ1973 ዜሮክስ ፓርክ በሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ቅርብ ለቅርብ ያሉ ኮምፒውተሮችን በሽቦ የሚያገናኘውን ኤተርኔትን ሲነድፍ የተነሣው ከዚሁ ሥራ ነው። ስለዚህ የሽቦው ኤተርኔት እንኳ ወረፋ አያያዙን የተማረው ከሬዲዮ ነው።

ዋናው ነገር ግን የመጣው ቦብ ካን በአርፓ የፓኬት ሬዲዮ መረብ ሲያሠራ ነው። መኪና ላይ የተጫነ ሬዲዮ ኮረብታ ይጋርደዋል፣ ድልድይ ሥር ሲገባ ይቋረጣል፣ ጣልቃ ገብ ሞገድ ያበላሸዋል። “የላክሁት ይደርሳል” የሚለው ኤንሲፒ እዚህ ላይ አይሠራም። የፓኬቱ መጠንም ከመረብ መረብ ይለያያል። ካንና ቪንት ሰርፍ በ1974 ያሳተሙት መፍትሔ ኃላፊነቱን ከመሐል ወደ ዳር አዛወረው። ላኪው ዳታውን ቁጥር ይሰጠዋል፣ መበላሸቱን የሚያሳውቅ መፈተሻ ድምር ያያይዝበታል፣ ምላሽ በጊዜው ካልመጣ ይደግማል። መሐል ያለው መረብ ምንም ዋስትና እንዲሰጥ አይጠየቅም። ይህ ነው ቲሲፒ። ፓኬቱን በአድራሻው ከመረብ ወደ መረብ የሚያሳልፈው ክፍል፣ አይፒ፣ ከእሱ ተለይቶ የወጣው በ1978 ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1977 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከሚጓዝ ቫን የተላከ ፓኬት በሬዲዮ፣ በአርፓኔትና አትላንቲክን በሚያሻግረው የሳተላይት መረብ አልፎ ደቡብ ካሊፎርኒያ ደረሰ። አርፓኔት ራሱ ኤንሲፒን ትቶ ወደ ቲሲፒ/አይፒ የዞረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ነው። መረቦችን የሚያገናኘው መረብ፣ ማለትም ኢንተርኔት፣ ሬዲዮው ያመጣውን ችግር ለመፍታት የተሠራ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሄዲ ላማርን ጉዳይ በአጭሩ። ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር በ1942 ያገኙት ፓተንት ቶርፔዶን የሚመራው ሬዲዮ በ88 ፍሪኩዌንሲዎች መካከል እየዘለለ እንዳይታፈን የሚያደርግ ነው። የመዝለል ሐሳብ ከእነሱም በፊት ነበር። የዋይፋይ ቴክኒካዊ ደረጃ የሆነው የ1997ቱ የመጀመሪያው 802.11 መዝለልን እንደ አንድ አማራጭ ይዞ ነበር፤ ዋይፋይ በሰፊው የተሠራጨበት የ1999ኙ 802.11ቢ ግን አይዘልም። እውነተኛው ዘላይ ብሉቱዝ ነው፦ በ79 ቻናሎች ላይ በሰከንድ 1600 ጊዜ። ዋይፋይን በር የከፈተለት የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1985 የወሰነው ውሳኔ ነው፤ 2.4 ጊጋኸርዝን ጨምሮ ሦስት ባንዶች እስከ 1 ዋት ያለ ፈቃድ እንዲሠራባቸው ተለቀቁ።

“ታዲያ ቲሲፒ ለሬዲዮ ከታሰበ ዋይፋይ ላይ ለምን ይንገዳገዳል?” የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1986 መረቡ ተጨናንቆ በሎውረንስ በርክሌይ ላብና በዩሲ በርክሌይ መካከል ያለው ፍጥነት በሰከንድ ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰን በ1988 ያቀረበው መድኃኒት ፓኬት ሲጠፋ “መንገዱ ተጨናንቋል” ብሎ መላኪያውን መቀነስ ነው። ለሽቦ ልክ ነው። በሬዲዮ ግን ፓኬት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በጩኸት (ምልክቱን በሚያበላሽ የሞገድ ረብሻ) ስለሆነ ያለ ምክንያት ፍጥነት ይቀንሳል። ለዚህ ነው ዋይፋይ ራሱ ቀድሞ የሚደግመው። በ802.11ቢ ለአንድ ተቀባይ የሚላክ እያንዳንዱ ፍሬም (ዋይፋይ ፓኬቱን ጠቅልሎ የሚልክበት አሃድ) ከ10 ማይክሮሰከንድ ክፍተት በኋላ ምላሽ ይጠብቃል። ካጣ፣ ዕጣ የሚወጣበትን ክልል ከ31 ወደ 63፣ ወደ 127 እያለ እስከ 1023 ክፍልፋይ ያሰፋዋል፤ አንዱ ክፍልፋይ 20 ማይክሮሰከንድ ነው። ስለዚህ ቲሲፒ የሚያየው መጥፋትን ሳይሆን መዘግየትን ነው።

ዋይፋያችሁ ሲንገዳገድ መመርመሪያውም ከዚሁ ይወጣል። መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ ፒንግ አድርጉ (ትንሽ መልእክት ልኮ ምላሹ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ ነው)። ከ2 ሚሊሰከንድ ወደ 200 እየዘለለ ከሆነ ጥፋቱ አየሩ ላይ ነው፤ እዚያ ረግቶ ወደ ውጭ ሲሆን ብቻ ከዘለለ ዋይፋዩን አትንኩት። በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ምረጡ። ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ይራራቃሉ፣ ምልክቱ ግን ወደ 20 ሜጋኸርዝ ይሰፋል። “ባዶ ነው” ብሎ 3 ላይ መቀመጥ 1ንም 6ንም ይረብሻል። ተመሳሳይ ቻናል ላይ ያሉ ጎረቤቶች ቢያንስ ይደማመጣሉ፣ ተራም ይጠባበቃሉ፤ በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ ለሌላው ጩኸት ብቻ ነው።

ሁለት መሣሪያዎች ራውተሩን እየሰሙ እርስ በርስ የማይሰማሙ ከሆነ፣ ሁለቱም አየሩ ነጻ መስሏቸው በአንድ ጊዜ ይልካሉ። እየላኩ መስማት አይችሉም፤ የራሳቸው ምልክት ከሚቀበሉት በመቶ ሚሊዮኖች እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ “ልላክ? ላክ” የሚባባሉበት አርቲኤስ/ሲቲኤስ አለ። የሚሠራው ፍሬሙ ከተወሰነ ገደብ ሲበልጥ ነው፤ ብዙ ራውተሮች ላይ ገደቡ 2347 ባይት ስለሚሆን በተግባር ጠፍቷል ማለት ነው። ወደ 500 ማውረድ ግጭቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ትልቅ ፍሬም ሁለት ተጨማሪ መልእክት ስለሚያስከፍል፣ መሣሪያዎቹ የሚሰማሙ ከሆነ ፍጥነቱን ይቀንስባችኋልና አትንኩት።